ክርክር፦ አሌክሳንደር ኔቭስኪ ሕዝቡን አዳነ ወይስ አስገበረ?

ሰናይት፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈውን ንግግር ሰምቼ በጣም ተናድጃለሁ። ሰውየው ስለ 13ኛው መቶ ዘመን የሩሲያ መስፍን ሲናገሩ «ኔቭስኪ ለታታር ጎንበስ ብሎ ሕዝቡን አዳነ» አሉ፤ ታታር ያሉት ሩሲያን የወረሩትን ሞንጎሎች ነው። የትኛውን ሕዝብ? እ.ኤ.አ. በ1257 የኖቭጎሮድ ከተማ ሰዎች ለታታር አንገብርም ሲሉ መስፍናቸው የገዛ ልጁ ቫሲሊ ነበር። አባቱ ሲመጣ ወደ ፕስኮቭ ሸሸ። ከዚያም አስወጥቶ አባረረው፤ የልጁን መካሪዎች የአንዳንዱን አፍንጫ አስቆረጠ፣ የአንዳንዱን ዐይን አስወጣ። ይህን ነው ማዳን የሚሉት?

ዮናታን፦ ራያዛን በ1237፣ ቭላድሚር በ1238፣ ኪየቭ በ1240 በታታር እጅ ምን እንደደረሰባቸው ለምን ትዘያለሽ? በ1252 ወንድሙ አንድሬይ አልገዛም ቢል የታታሩ አዛዥ የኔቭሩይ ጦር ገብቶ አገሩን አወደመው። «ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ባሪያ ይግዛህ» የተባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ሰናይት፦ ቀኑ ለማን አለፈ? ሞስኮ ከታታር የተላቀቀችው በ1480 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ217 ዓመት በኋላ።

ፍሬው፦ ስለ ግብር ብቻ ታወራላችሁ። በ1240 ስዊድኖችን በኔቫ ወንዝ፣ በ1242 የጀርመን ፈረሰኞችን በፔይፐስ ሐይቅ በረዶ ላይ ያሸነፈ ሰው ነው። ኔቭስኪ የተባለውም በወንዙ ነው። 400 ጀርመን ገድሎ 50 ማርኳል!

ሰናይት፦ ያ የኖቭጎሮድ ዜና መዋዕል ቁጥር ነው። የጀርመኖቹ ዜና መዋዕል 20 ሞቱ፣ 6 ተማረኩ ይላል።

ፍሬው፦ የጀርመኖቹ የቆጠረው የፈረሰኞቹን መንፈሳዊ ማኅበር አባላት ብቻ ነው። አጃቢውን አልቆጠረም፤ አታምታቺ።

ማርታ፦ ጦርነቱን ተዉት፤ ጥያቄው ቅድስናው ነው። የቼርኒጎቩ መስፍን ሚካኤል በ1246 ወደ ታታሩ ካን (ንጉሥ) ወደ ባቱ ሰፈር ሄዶ፣ ለጣዖት አልሰግድም ብሎ ከባለሟሉ ከፌዮዶር ጋር ተገደለ። ሰማዕት ማለት እሱ ነው። ኔቭስኪን ግን የሞስኮ ጉባኤ በ1547 ቅዱስ ያለው የሞስኮው መስፍን ኢቫን ቄሣር ተብሎ በተቀባበት ዓመት ነው። አንድ መንግሥት አባት ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል።

ጋሽ በላቸው፦ ማርታ ልጄ፣ የሚካኤልን ገድል እስከ መጨረሻው አንብቢው። ለንጉሡስ እሰግዳለሁ፣ መንግሥቱን የሰጠው እግዚአብሔር ነውና፤ ለጣዖት ግን አልሰግድም ነው ያለው። ኔቭስኪም ከዚህ የተለየ አላደረገም። በ1262 የሱዝዳል ከተሞች ግብር ሰብሳቢዎቹን ገድለው ሲነሡ፣ ቅጣትና የዘመቻ ግዳጅ እንዳይመጣባቸው ሊለምን ካኑ ዘንድ የሄደው እሱ ነው። በ1263 ታሞ ሲመለስ ጎሮዴትስ ላይ መንኩሶ ዐረፈ። ሊቀ ጳጳሱ ሜትሮፖሊት ኪሪል ለሕዝቡ «የሱዝዳል ምድር ፀሐይ ጠለቀች» ሲል ያለቀሰውን ሰው ቁጠሪው።

ማርታ፦ ጋሽ በላቸው፣ እንደ አባት አከብርዎታለሁ። ግን ታታር ለግብር ባደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካህናትና መነኮሳት ከግብር ነፃ ወጡ። ገድሉን የጻፉት እነሱ ናቸው። አፍንጫው የተቆረጠው ሰው ገድል ማን ጻፈለት?

ዮናታን፦ አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን ልትነኪ ነው!

ፍሬው፦ ለነገሩ እኛን ምን አገባን? ከኬልቄዶን ወዲህ ተለያይተናል፤ በስንክሳራችን የለም።

ዮናታን፦ በስንክሳራችን ስለሌለ ማንም እንደፈለገ ይሳደብበት?

ሰናይት፦ ማንም አልተሳደበም። የኖቭጎሮድ ዜና መዋዕል ነው የተናገረው። በ1259 እርጉማኑ ቆጣሪዎች በፈረስ በየመንገዱ እየዞሩ የክርስቲያኑን ቤት ይጽፉ ነበር ይላል፤ ባለጠጎቹ ሸክሙን ለራሳቸው አቅልለው በድሃው ላይ አከበዱት ይላል። ባቱ በ1238 ሳይደርስባት የተመለሰላትን ኖቭጎሮድን ለቆጣሪ አሳልፎ የሰጠ መስፍን ነው። ዮናታን፣ «አዳነ» ያልከውን ለዚያ ድሃ አስረዳልኝ።

ዮናታን፦ ድሃው በሕይወት ነበር። የራያዛኑ ድሃ አልነበረም።

ሰናይት፦ ኖቭጎሮድ ራያዛን አልነበረችም። ደግመህ አንብብ።

ጋሽ በላቸው፦ እምቢ ብትል ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። እሱ ግን እስከ ሞንጎሎቹ ዋና ከተማ ካራኮሩም ድረስ ሄዶ የታታርን ኃይል በዐይኑ ያየ ሰው ነው።

ማርታ፦ አባቱ ያሮስላቭም እዚያው ሄዶ በ1246 ሞቷል፤ መርዘውታል ተብሏል። ያንን የካኖች ቤት ነው ኔቭስኪ ያገለገለው።