«ሕዝቡ ራሱ ጻፈው» አትበሉን፦ ስለ ሕንድ ሕገ መንግሥት

የሐረጎ መንገደኛ፦
ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ ሕገ መንግሥት ስለማሻሻል በተደረገ ውይይት አንድ ተናጋሪ «ሕንድ ከቅኝ ግዛት በወጣች ማግስት ሕገ መንግሥቷን ሕዝቡ ራሱ ጻፈው፤ የጸናውም ለዚህ ነው» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እስክገባ ድረስ ስብከነከን ነበር። የሕንድ የሕገ መንግሥት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1946 ሥራ ሲጀምር አገሪቱ ገና በእንግሊዝ እጅ ነበረች። አብዛኞቹን የጉባኤውን አባላት የመረጡት የየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤቶች ናቸው። እነዚያን ምክር ቤቶች የመረጠው ደግሞ ንብረት ያለው፣ ግብር የሚከፍል ወይም የተማረ ጥቂት ሰው ነው። ሲጸድቅም ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም። ታዲያ ገበሬው የቱ ጋ ሆኖ ነው የጻፈው?

ጦሳ ሥር፦
ወንድሜ፣ ብዕሩን የያዘውን ስትቆጥር የተጻፈውን ዘለልከው። ረቂቁ እ.ኤ.አ. በ1948 መጀመሪያ ታትሞ ወጣ፤ አስተያየት ለመስጠት ወራት ተሰጡ። ከ7,600 በላይ የማሻሻያ ሐሳብ ቀረበ፤ ከ2,400 በላይ የሚሆነው በጉባኤው ተነሥቶ ተከራከሩበት። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1949 ጸደቀ። አርቃቂ ኮሚቴውን የመሩት አምቤድካር «የማይነኩ» ተብለው ከተገለሉት ወገኖች የተወለዱ ናቸው። አንቀጽ 17 ያንን ግፍ ሻረው። አንቀጽ 326 ደግሞ 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ ድምፅ ሰጠ፤ ለመሬት አልባውም፣ ፊደል ላልቆጠረውም። አንተ የጠየቅከው ገበሬ በ1951 እና በ1952 ከ170 ሚሊዮን በላይ መራጭ በተመዘገበበት ምርጫ ድምፁን ሰጥቷል።

የሐረጎ መንገደኛ፦
«ለሕዝቡ ጻፉለት» እና «ሕዝቡ ጻፈው» አንድ አይደሉም። እዚሁ ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን እናውቃለን። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ሲያበሉ ትንሽ ትልቁ አይጠየፍም ነበር፤ የአዳራሹም ስም ከዚያ መጣ። የበላው ሁሉ ግን ደገሰ አይባልም። ሕንዶቹ መልካም ድግስ ደገሱ፤ አልክድም። ደጋሹ ሕዝቡ ነው ሲባል ግን ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ለእኛ አገር ክርክር አይበጅም።

የቦርከናዋ፦
በምሳሌህ ውስጥ ወጥ ቤቱ የለም። ግብሩን ንጉሡ በእጃቸው አልሠሩትም፤ ሴቶች ሠሩት፤ ስማቸውን ግን የሚያነሣ የለም። በዚያ ጉባኤ 15 ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንዷ ዳክሻያኒ ቬላዩዳን፣ ራሷ «የማይነኩ» ከሚባሉት የተወለደች ናት። የእሷ ወገን እንዲህ ካለ ወንበር አጠገብ እንኳ እንዳይደርስ ስንት ዘመን ተከልክሏል! እሷ እዚያ ተቀምጣ ስትከራከር «ሕዝቡ አልነበረም» የምትለው በየትኛው ሚዛን መዝነህ ነው?

የሐረጎ መንገደኛ፦
እህቴ፣ 15 ሴቶችን አከብራለሁ። ነገር ግን ከ299 አባላት 15 ማለት ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም በመራጭ ብዛት ተጠምዳችኋል። እኔ በደርግ ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1978፣ ቀበሌ አዳራሽ ተጠርቼ ረቂቅ ሕገ መንግሥት አንቀጽ በአንቀጽ ሲነበብ ሰምቻለሁ። እጅ አውጥተን ተናገርን፤ ጸሐፊው መዘገበ። ጥር 24 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 81 በመቶው ደገፈው ተባለ። ግንቦት 1983 ላይ ከደርግ ጋር አብሮ ተቀበረ። በ1986 ደግሞ የጉባኤ አባላትን በቀጥታ መረጥን፤ 547 ነበሩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 አጸደቁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንጣላበታለን። የሐረጎው እንደሚለው ከሆነ የእኛዎቹ ሁለቱ ከሕንዱ ይበልጥ «ሕዝቡ የጻፋቸው» ሊሆኑ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የሚቃወምህ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበረ ወይ? አምቤድካር የነጻነት ትግሉን የመራውን ፓርቲ ኮንግረስንና ጋንዲን ለዓመታት አምርረው የተቹ ሰው ናቸው። ከጉባኤው አብዛኛው ደግሞ የኮንግረስ ሰው ነበር። ብዕሩን ግን ለእሳቸው ሰጣቸው። እኛ በ1986 ዋና ዋና ተቃዋሚዎች በሌሉበት ነው የተቀመጥነው።

ሸዋ በር፦
መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው፤ «የሚቃወምህ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበረ ወይ» ያሉትን ሕንድ ራሷ አታልፈውም። ለሙስሊሞች የራሳቸው አገር ይሁን ይል የነበረው ፓርቲ፣ የሙስሊም ሊግ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጉባኤው አልተገኘም። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነው ሥራው የተጀመረው። ከዚያ አገሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ሚሊዮኖች ከቤታቸው ተነቀሉ። የእኔ አባት ዓርብ መስጊድ፣ እናቴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያደግሁ ወሎዬ ነኝ። ያንን ባዶ ወንበር አልፎ ስለ አምቤድካር መናገር ለእኔ ቀላል አይደለም። እኛ ጋ ቢሆን ወንበሩ የእናቴ ወይም የአባቴ ነበር ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነህ ልጄ፤ ያንን ማለፌ ስህተት ነው። ግን የተለየውንም ወገን ተመልከት። ፓኪስታን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥቷን ሥራ ላይ ለማዋል እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት፤ በ1958 ወታደራዊ አገዛዝ ታወጀና ተሻረ።

ሸዋ በር፦
ይህ መልስ አይደለም። ጎረቤቱ ስለወደቀ የራስህ ባዶ ወንበር አይሞላም።

ጦሳ ሥር፦
ሸዋ በር፣ ሕመምህ ይገባኛል። የቀሩት ሙስሊሞች ግን በጉባኤው ተቀምጠው ተከራክረዋል፤ አቡል ካላም አዛድ አንዱ ናቸው። ስለ ባዶው ብቻ ከተናገርን የተቀመጡትን ደግመን እናስወጣቸዋለን። ሌላም ልጨምር፦ ቋንቋ ላይ ጉባኤው ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር። የሂንዲ ደጋፊዎችና የደቡብ ሰዎች ተፋጠጡ። በመጨረሻ ሂንዲ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ሆኖ ተመረጠ፤ እንግሊዝኛም ለ15 ዓመት ይቆይ ተባለ። ማንም የፈለገውን ሁሉ አላገኘም፤ ግን አንድ ላይ ፈረሙ።

የሐረጎ መንገደኛ፦
ቋንቋውን እዚህ ውስጥ ምን አመጣው? ፊርማውንም ጉባኤተኛው ፈረመ እንጂ ሕዝቡ አልፈረመም።

ጦሳ ሥር፦
አንተ «ጻፈው» ከሚለው ቃል ንቅንቅ አትልም! ሰነዱ ራሱ «እኛ የሕንድ ሕዝብ» ብሎ ይጀምራል።

የሐረጎ መንገደኛ፦
የእኛም «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል። አንተ ራስህ ባለፈው ወር «ማን ጠይቆኝ ነው እኛ ያለው?» ብለህ እዚሁ ጽፈህ ነበር። ለሕንዱ የምትፈቅደውን «እኛ» ለዚህኛው ለምን ከለከልከው?

ጦሳ ሥር፦
ያ ሌላ ነገር ነው።

የሐረጎ መንገደኛ፦
እንዴት ሌላ ይሆናል? ንገረኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ይንገርህ፤ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ጦሳ ሥር፦
ሕንዶቹ ያንን «እኛ» በየምርጫው መልሰው ተጠይቀውበታል። ሕገ መንግሥቱን ጸድቆ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1951 አሻሻሉት፤ ከዚያም ከመቶ ጊዜ በላይ። የእኛ ግን ለመነካካት እንኳ የሚያስፈራ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ።

ሸዋ በር፦
ከመቶ ጊዜ በላይ ከተሻሻለ ታዲያ «ጸና» የሚለው የቅዳሜው ንግግር የት ገባ?

የቦርከናዋ፦
ሐረጎ፣ አሁንም እኔን አልመለስክልኝም። 15ቱ ለአንተ ከመሰከሩ፣ በቅዳሜው አዳራሽ መድረክ ላይ ስንት ሴት ተቀምጣ ነበር? አንተ እዚያ ነበርክ፤ ቁጥሩን ጻፍ።

የሐረጎ መንገደኛ፦
መድረኩ ላይ አልነበረችም።

የቦርከናዋ፦
በመጀመሪያው ጽሑፍህ ውስጥ ለምን አላነሣኸውም? ያናደደህ የሕንድ ገበሬ አለመኖር ብቻ ነበር?