ዶሮ ወጥና ቦሎቄ በስሎው ኩከር

ጥያቄ፦ የምኖረው በጅማ ከተማ ነው። በስሎው ኩከር (በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) የሠራሁት ዶሮ ወጥ ይቀጥናል፣ ሽንኩርቱም ጥሬ ጥሬ ይላል። መፍትሔው ምንድን ነው? ቀይ ቦሎቄስ በቀጥታ ቢጨመርበት ይበስላልን?

መልስ፦ ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ወደ ውስጥ ስለሚያወርደው ውሃው እምብዛም አይተንም፤ ስለዚህ በምድጃ ላይ ሲሠሩ ከሚጨምሩት ያነሰ ውሃ ይበቃዎታል። ሽንኩርቱን ግን ለስሎው ኩከሩ አይተዉት። በድስት ካቁላሉት በኋላ ዘይቱንና በርበሬውን ጨምረው ጊዜ ሰጥተው ያብስሉት፤ የወጡ ጣዕም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና፣ ይህን ደረጃ የሚተካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አላየሁም። ዶሮው የሚገባው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ መከለሻው መጨረሻ ላይ ይነስነስ።

መልስ፦ ስለ ቦሎቄው አደራ እላለሁ! ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የሚባል፣ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ንጥረ ነገር አለው፤ የስሎው ኩከር ዝቅተኛ ሙቀትም አያጠፋውም። ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ደፍተው፣ በአዲስ ውሃ በምድጃ ላይ አስቀድመው ያንተክትኩት። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቢያንስ 10 ደቂቃ ነው፤ ሆኖም ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ውሃ እዚህ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ እኔ 30 ደቂቃ አደርገዋለሁ።

መልስ፦ ከቤት ሳሉ መብራት ከጠፋ ሳይዘገዩ ወደ ከሰል ምድጃ ያዛውሩት። በሌሉበት ጠፍቶ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ካላወቁ ግን፣ የበሰለ ቢመስልም እንኳ ምግቡን መጣል ይሻላል።