በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ የአዲስ አበባ ፕላን ለዘር መለያየት ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄ
ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት በማዘጋጀው ጽሑፍ፣ ኢግናዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ እ.ኤ.አ. በ1936 የነደፉትን የአዲስ አበባ መሪ ፕላን ዋና ማስረጃ ለማድረግ አስቤአለሁ። በፕላኑ ላይ የአገሬው ሰው ገበያና መኖሪያ ከጣሊያኖቹ ሰፈር ተለይቶ ወደ ምዕራብ ተመድቧል። ከተማዋ በዘር ተከፍላ እንደነበር ለማስረዳት ይህ ብቻውን ይበቃል ትላላችሁ?

መልስ 1
አይበቃም። ፕላን የሚመሰክረው ለታሰበው እንጂ ለተፈጸመው አይደለም። አገዛዙ ምን ይፈልግ እንደነበር ለማሳየት ግን ከእርሱ የተሻለ ሰነድ አያገኙም፤ ሹማምንቱ ራሳቸው ያዘዙት ነውና። ገንዘቡም ጊዜውም ስላልበቃ ከታቀደው አብዛኛው ወረቀት ላይ ቀርቷል፤ በቂ ቤት ባለመሠራቱም ድሃ ጣሊያናውያን ሠራተኞች ሕጉ እየከለከላቸው ከኢትዮጵያውያን ጋር ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ፕላኑን በዚያው ዘመን ከታተሙ የጉዞ መምሪያ ካርታዎችና ከአየር ፎቶግራፎች ጋር ያስተያዩት።

መልስ 2
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ሆኖም «ወረቀት ላይ ቀርቷል» የሚለው እንዳያዘናጋዎት። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ በእርግጥ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተዛውሯል፤ የዛሬው መርካቶ የዚያ ውጤት ነው። የአዲስ ከተማን መንገዶች ዛሬ በሳተላይት ምስል ቢመለከቱ፣ ቀጥ ብለው እየተቋረጡ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሲሠሩ ያያሉ፤ እንደ ጉለሌ ካሉት፣ መንገዳቸው የኮረብታውን ቅርጽ ተከትሎ ከሚጠማዘዘው ነባር ሰፈሮች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ካዛንቺስ በበኩሉ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የተሠራ ሰፈር ነበር። ከካርታው ጎን እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣውን ቁጥር 880 ሕግ ያስቀምጡ፤ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። ካርታው ቦታውን፣ ሕጉ ዓላማውን ያሳያል፤ በእኔ አስተያየት አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

መልስ 3
አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ መለያየቱን ጦርነቱ የወለደው አድርገው እንዳይጽፉት። በአሥመራ ገና እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ ደንብ ከተማዋን የአውሮፓውያን፣ የቅይጥና የአገሬው ሰው ቀጠናዎች አድርጎ ከፍሏት ነበር፤ ይህም ፋሺስቶች ሥልጣን ከመያዛቸው 14 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የአሥመራን የቆዩ ካርታዎች ከአዲስ አበባው ፕላን ጎን ቢያስቀምጧቸው፣ እነጉዊዲ የትኛውን ልማድ ይዘው እንደመጡና ፋሺዝም ምን እንደጨመረበት ለይተው መጻፍ ይችላሉ።