«ተሐድሶ» እና «ኮማርባ»፦ የንጉሥ ሙርኸርታኽን ዘመን በአማርኛ ለመጻፍ

ጥያቄ፦ የአየርላንድን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። የሙንስተር ንጉሥ ሙርኸርታኽ ኡዋ ብሪያን የደገፈውን የቤተ ክርስቲያን ለውጥ «ተሐድሶ» ብዬዋለሁ፤ ያስኬዳል? አንድ ቅዱስ የመሠረተውን ቤተ ክርስቲያን በእርሱ ቦታ ሆኖ ለሚመራ ሰው የሚሰጠውን «ኮማርባ» የሚለውን ማዕርግስ በምን ልተካው?

መልስ፦ «ተሐድሶ» ከግእዙ «ሐደሰ» የወጣ መልካም ቃል ነው። ሆኖም ዛሬ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጆሮ ትምህርተ ሃይማኖትን የመለወጥ እንቅስቃሴ ስም ሆኖ ስለሚሰማ፣ አንባቢዎን ወዳላሰቡት ቦታ ይወስድብዎታል። ንጉሡ የደገፈው እምነትን ሳይሆን ሥርዓትን የሚመለከት ለውጥ ነበር። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም ለንጉሡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የነቀፈው፣ ወንዶች ሚስቶቻቸውን እንደ ፈረስ መለዋወጣቸውን፣ ጳጳሳትም ቋሚ መንበር ሳይኖራቸው፣ ያውም በአንድ ጳጳስ እጅ ብቻ መሾማቸውን ነው። በ1111 እ.ኤ.አ. በራት ብረሳል የተደረገው ጉባኤም ደሴቲቱን በአርማህና በካሼል ሊቃነ ጳጳሳት ሥር በአህጉረ ስብከት ከፋፈላት። እኔ ብሆን «የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እርማት» እላለሁ።

«ኮማርባ»ን በተመለከተ «ወራሽ» ይበሉ፤ «ተተኪ» የቃሉን ነፍስ ያስቀርብዎታል። በውስጡ ያለው «ኦርባ» ርስት ማለት ነውና። በአርማህ የቅዱስ ፓትሪክ ወራሽነት ለብዙ ዘመን የአንድ ቤተሰብ ርስት ሆኖ፣ ክህነት በሌላቸው ባለትዳሮች እጅ ቆይቷል። ኬላኽ ከዚያው ቤተሰብ ተወልዶ በ1105 ወራሽነቱን ሲረከብ ግን ክህነት ተቀበለ፣ በ1106ም ጳጳስ ሆነ። በአንባቢው ዘንድ የዚህ እርምጃ ክብደት የሚታወቀው አስቀድሞ «ወራሽ» የሚለውን ቃል ካገኘ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ1101 ንጉሡ የካሼልን አምባ ለቤተ ክርስቲያን መስጠቱን «ጎለተ» ብል ይሆናል?

መልስ፦ አይመስለኝም። ጉልት ባለርስቱ በመሬቱ ላይ እንዳለ ግብሩን የመብላት መብት ሲሆን፣ ሙርኸርታኽ ግን ቦታውን ራሱን ማንም ሹም ይገባኛል እንዳይለው አድርጎ ሰጥቷል። አምባው ከብሪያን ቤት፣ ማለትም ከሙርኸርታኽ ዘር፣ በፊት ሙንስተርን ይገዙ የነበሩት የኦጋናኽት ነገሥታት ጥንታዊ መቀመጫ ስለነበር፣ ስጦታው እርሱ ራሱ የሚተወው፣ ተቀናቃኞቹም ዳግመኛ የማይነግሡበት ስፍራ አደረገው። ስለዚህ «ለቤተ ክርስቲያን ለቀቀ» ቢሉ ሁለቱንም ይይዝልዎታል።