ክርክር፦ «ግሪን ቡክ» የዓመቱ ምርጥ ፊልም መባል ይገባው ነበር?

አወያይ
ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2019፣ ሎስ አንጀለስ ላይ መሽቶ አዲስ አበባ ላይ ሲነጋ፣ ጁሊያ ሮበርትስ የኦስካርን የመጨረሻ ፖስታ ከፍታ «ግሪን ቡክ» አለች፤ ጥቁር ፒያኖ ተጫዋችና ነጭ ሹፌሩ በመኪና የሚጓዙበት ፊልም ነው። የታጩት ፊልሞች ስምንት ነበሩ። የአልፎንሶ ኩዋሮን «ሮማ» እና «ዘ ፌቨሪት» አስር አስር እጩነት ይዘው ነው የገቡት። «ግሪን ቡክ» የነበረው አምስት ነው፤ ዳይሬክተሩ ፒተር ፋሬሊ ጭራሽ በዳይሬክተርነት አልታጨም። ኩዋሮን ምርጥ ዳይሬክተር ተባለ፣ የሲኒማቶግራፊውንም የውጭ ቋንቋ ፊልሙንም ሽልማት ወሰደ። ዋናው ግን ሌላ ቤት ገባ።

እስካሁን ያናድደኛል። የሚያናድደኝ ግን ፊልሙ አይደለም፣ አመራረጡ ነው። እናንተስ?

የፒያሳ ልጅ
ኧረ ባክህ! ሰው የወደደው ፊልም ስላሸነፈ ሐዘን እንቀመጥ? ቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በ2018 ተመልካቹ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ የሚሸልመውን ሽልማት የወሰደው «ግሪን ቡክ» ነው። በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ፊልም የማይወደው አባቴ እንኳን ሳይነሳ ነው የጨረሰው። «ሮማ» ሲጀምር ግን ካሜራው የግቢ ወለል ላይ ተክሎ ውሃ ሲፈስ ያሳየሃል፣ ያሳየሃል፣ ያሳየሃል። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ሳያንቀላፋ የጨረሰ እጁን ያውጣ። ማኸርሻላ አሊ ፒያኖ ተጫዋቹን ሆኖ የሠራውን አይቶ «አይገባውም» የሚል ሰው ፊልም ማየት ቢተው ይሻለዋል።

አወያይ
የማኸርሻላን አልነካሁም፤ የራሱን ኦስካር ወስዷል። እኔ የምለው ሌላ ነው።

ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የምርጥ ፊልም ሽልማትን እንደ ሌሎቹ ዘርፎች አይቆጥርም። በሌሎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ በቃ። በ2009 «ዘ ዳርክ ናይት» ሳይታጭ ቀርቶ ከተነሳው ጩኸት በኋላ እጩዎቹን ከአምስት ወደ አስር ሲያሳድጉ፣ ለዚህ ዘርፍ ድሮ የነበረውን የደረጃ ምርጫ መልሰው አመጡ። መራጩ ፊልሞቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተርታ ይጽፋል። ከግማሽ በላይ አንደኛ ያገኘ ከሌለ፣ ትንሽ አንደኛ ያገኘው ይወድቅና ድምፁ በወረቀቱ ላይ ሁለተኛ ወደተጻፈው ይተላለፋል። አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ እንዲህ ይቀጥላል። ስለዚህ አንደኛ መባል ብቻ አይበቃም፤ የሌላውም ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ መሆን አለብህ።

የቢሮ ሰዎች አብረው ምሳ ሲያዙ አስቡት። አንዱ ይጾማል፣ አንዱ ጨጓራ አለበት፣ አንዱ ክትፎ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሽሮ ነው። ሽሮን ጠልቶ ከጠረጴዛ የሚነሳ የለምና። እኔ ሽሮ ላይ ቂም የለኝም፤ ግን «የዓመቱ ምርጥ ምግብ» ብላችሁ ሐውልት አትስጡት። «ሮማ» የሚወዱት እስከ ሞት የሚወዱት፣ የማይወዱት ደግሞ ታች የሚጽፉት ፊልም ነው። ኔትፍሊክስ ያወጣው ስለሆነ የተቀየሙት ሁሉ የት እንደሚጽፉት ገምቱ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ኩባንያዎች አናሳይም ብለውት ነበር እኮ።

ስክሪፕት ጸሐፊው
ወንድሜ፣ አተራረክህ ያምራል፤ ማስረጃው ግን የለም። አካዳሚው የድምፅ ቆጠራውን አውጥቶ አያውቅም። «ሮማ» በመጀመሪያው ዙር መርቶ ኋላ ተበለጠ የሚለውን ከየት አመጣኸው? «ግሪን ቡክ» ከመጀመሪያውም አንደኛ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከኦስካሩ በፊት የፕሮዲውሰሮቹ ማኅበርም ዋናውን ሽልማት ለእሱ ነው የሰጠው።

ደግሞ ይሄው የደረጃ ምርጫ በ2017 «ሙንላይት»ን አሸናፊ አድርጓል፤ ያውም «ላ ላ ላንድ» የሚል የተሳሳተ ስም ከተጠራ በኋላ። በ2020 «ፓራሳይት»ን አሸናፊ አድርጓል፣ በእንግሊዝኛ ካልተሠሩ ፊልሞች የመጀመሪያው። ሁለቱም ማንንም የማያስቀይሙ ለስላሳ ፊልሞች አይደሉም። ያው ሳጥን ነው። ጥፋቱን ሳጥኑ ላይ ከለጠፍከው እነዚህን እንዴት ታብራራቸዋለህ?

እኔን ከጠየቃችሁኝ «ሮማ»ን የጎዳው ሌላ ዘርፍ ነው። የውጭ ቋንቋ ፊልም ሽልማቱን እንደሚወስድ ሁሉም ያውቅ ነበር። መራጩ «እሱስ የራሱ አለው» ብሎ ዋናውን ለሌላ ቢሰጥ አይገርመኝም። ይሄም ግምት ነው፣ እንደ ግምት ያዙልኝ።

ሜሪላንድ
ስለ ቆጠራ ስታወሩ ዋናው ነገር እያመለጣችሁ ነው። ፊልሙ የማን ነው?

ዶን ሸርሊ በ1927 ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ የተወለደ፣ ካርኔጊ ሆል ሕንጻ ላይ የሚኖር ፒያኖ ተጫዋች ነበር። በ1962 ወደ ደቡብ ለኮንሰርት ሲሄድ ቶኒ ቫለሎንጋን ሹፌር አድርጎ ቀጠረ። ስክሪፕቱን ከጻፉት አንዱ የሹፌሩ ልጅ ኒክ ነው። የሸርሊ ቤተሰቦች ማንም አላማከረንም ብለዋል፤ ወንድሙ ሞሪስ፣ ዶን ከቤተሰቡ ተለያይቶ ነበር የሚለውን ታሪክ ውሸት ብሎታል። ማኸርሻላ አሊ ራሱ ደውሎ ይቅርታ እንደጠየቃቸው በወቅቱ ተዘግቧል። አንድ ጥቁር ሊቅ የተጠበሰ ዶሮ እንዴት እንደሚበላ ከነጭ ሹፌሩ ሲማር እያየን እንድንስቅ ነው የተፈለገው። ሽልማቱን ሲያሳጩ ደግሞ ሹፌሩን ዋና ተዋናይ፣ ሸርሊን ረዳት ተዋናይ አሉት! አካዳሚው ሳይሆን ራሱ ስቱዲዮው ነው እንዲህ ያስመዘገበው።

ስሙን የሰጠው መጽሐፍስ? ቪክተር ሁጎ ግሪን የሚባል የሐርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ጥቁር መንገደኛ የት አድሮ የት በልቶ በሰላም እንደሚወጣ የሚያሳይ መመሪያ ያሳትም ነበር። ፊልሙ ላይ መጽሐፉን የያዘው ሹፌሩ ነው፣ ያውም ለአፍታ።

እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ይሄ አዲስ አይሆንብንም። ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ አከፋፋይ ስላጣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ ነው ያሳየው። የአካዳሚው ሙዚየም ያከበረው በ2021 ነው። ቁጠሩት።

የፒያሳ ልጅ
ሜሪላንድ፣ የቤተሰቡን ቅሬታ አከብራለሁ። ግን ግማሹን ብቻ አትንገሪን። ሸርሊ በሕይወት እያለ ለሌላ ዘጋቢ ፊልም የተቀረጸ ድምፅ አለው፤ ስለ ቶኒ ሲናገር ሙሉ በሙሉ አምነው ነበር፣ የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት ብቻ አልነበረም ይላል። ጓደኝነቱን የፈጠረው ኒክ አይደለም ማለት ነው። ፊልም ታሪክን ሲያጣፍጥ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። ዶሮዋን በተመለከተ ግን ዝም ልበል፣ አያዋጣኝም።

የቤሩቷ
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም «ሮማ»ን እንደ ጥበብ ፊልም ስታወሩት ሳቄ መጣ። ለእኛ እኮ ጥበብ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው።

ሊባኖስ ለዓመታት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የ«ሮማ»ዋ የቤት ሠራተኛ ክሊዮ ከቤተሰቡ ጋር ቴሌቪዥን ለማየት ሶፋው አጠገብ ወለል ላይ ስትቀመጥ፣ ልጁ እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያደርግ፣ «እንወድሻለን» የሚሉት ነገር ሊጀምር ሲል ማዳሟ ለዶክተሩ ሻይ አምጪ ትላታለች። ያቺ ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሜ ውሃ ጠጣሁ። ያን የጻፈ ሰው አይቶታል። ፒያሳ የሰለቸህ የወለሉ ውሃ ደግሞ እሷ የውሻ ኩስ እያጠበች ነው፤ ወለል አጥበህ ብታውቅ ርዝመቱን አትቆጥርም ነበር። ክሊዮን የሠራችው ያሊትሳ አፓሪሲዮ ከዚያ በፊት ተውና የማታውቅ፣ መዋዕለ ሕፃናት ለማስተማር የተማረች የሜክሲኮዋ ኦአሃካ ልጅ ናት። ለምርጥ ተዋናይት ታጭታ ከነ ግሌን ክሎዝ ጋር ተቀመጠች።

ግን አንድ ነገር ላስጨንቃችሁ። «ግሪን ቡክ»ን የነገረን የሹፌሩ ልጅ ነው ብላችሁ ትናደዳላችሁ። «ሮማ»ን የነገረንስ ማነው? የማዳሟ ልጅ! ኩዋሮን ያደገበትን ቤት ነው የሠራው፣ ክሊዮም ያሳደገችው ሊቦ ናት። ልዩነቱ ሊቦን ቁጭ ብሎ ጠይቋታል፣ ፊልሙንም ለእሷ ብሎ ነው የሰጠው። ይሄ ትልቅ ነው፣ አልክድም። ሆኖም ክሊዮ ስለ ራሷ የተናገረችው ተሰብስቦ አንድ ገጽ አይሞላም። ልጆቹን ከባሕር አውጥታ፣ «እንድትወለድ አልፈለግኳትም» ብላ አልቅሳ፣ ቤት ሲገቡ ልብስ ይዛ ወደ ጣሪያው ትወጣለች። ስለዚህ እኔ «ሮማ» ተሸነፈ ብዬ አላዘንኩም። ሊቦ ራሷ ካሜራ የያዘችበት ፊልም ስምንቱ ውስጥ አልነበረም።

ጋሽ ሲኒማ
ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ አስቀድሞ ተጨቃጭቆ ያለቀ ነው። በ1942 «ሲቲዝን ኬን» ተሸንፎ «ሃው ግሪን ዋዝ ማይ ቫሊ» አሸነፈ። ያኔም የደረጃ ምርጫ ነበርና እሱ ነው ብላችሁ ታመካኙ ይሆናል። በ1999 «ሼክስፒር ኢን ላቭ» የስፒልበርግን የጦርነት ፊልም ሲበልጥ ግን ተራ የድምፅ ብልጫ ነበር፤ ያ የሆነው በሃርቪ ዋይንስታይን የቅስቀሳ ገንዘብና ጉልበት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ 1990 ነው። «ድራይቪንግ ሚስ ዴዚ» አሸነፈ፣ ጥቁር ሹፌር ነጭ አሮጊት ሲነዳ። ዳይሬክተሩ ብሩስ በረስፎርድ አልታጨም፣ ልክ እንደ ፋሬሊ። የስፓይክ ሊ «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» ለምርጥ ፊልም እንኳ አልታጨም ነበር። ተዋናይቷ ኪም ቤሲንጀር መድረክ ላይ ወጥታ ይሄ መቅረቱን ፊት ለፊት ነግራቸዋለች። ከ29 ዓመት በኋላ ያው ስፓይክ ሊ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ግሪን ቡክ» ሲባል ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ኋላ ለጋዜጠኞች ሰው ሰውን መኪና ውስጥ ጭኖ በነዳ ቁጥር እኔ እሸነፋለሁ ብሎ ቀለደ።

ስክሪፕት ጸሐፊው
ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግን እርስዎ አወያዩን ነው የጎዱት። በ1990 የደረጃ ምርጫው አልነበረም፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። ሰዎቹ ናቸው።

ጋሽ ሲኒማ
ልጄ፣ እኔ ማንንም ልጎዳ አልመጣሁም። ሰዎቹስ ቢሆኑ ያኔና አሁን አንድ አይደሉም። የታጩት ተዋናዮች ሁሉ ነጮች ናቸው ተብሎ ከተነሳው የ2016ቱ «ኦስካር ሶ ኋይት» ቁጣ በኋላ ብዙ አዲስ አባል አስገብተዋል፣ ከውጭ አገርም ጭምር። «ፓራሳይት» ያለ እነዚህ ሰዎች የሚያሸንፍ አይመስለኝም።

ሜሪላንድ
የቤሩቷ፣ እህቴ፣ የማዳሟ ልጅ ያልሽው አስቀምጦኛል። ግን ሊቦን ጠይቆ የሠራና የሸርሊን ቤተሰብ ያልጠየቀ እኩል ይመዘኑ?

የቤሩቷ
እኩል አላልኩም። አንዱ አሳፋሪ ነው፣ አንዱ ጎደሎ ነው። ሽልማቱ የሚለየው ግን በዚህ ቢሆን ኖሮ አሪፍ ነበር፤ አንዱም መራጭ ይህን አስቦ ቁጥር የጻፈ አይመስለኝም።

አወያይ
እሺ፣ ሳጥኑ ብቻውን አያሸንፍም፤ የተቀበልኩት ይሄን ነው። ነገር ግን ስክሪፕት ጸሐፊው «ማስረጃ የለህም» ያለኝ የእኔ ጥፋት አይደለም። ያኔ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ድምፅ ሰጡ፣ አንድ የሒሳብ ድርጅት ቆጠረ፣ የእያንዳንዱ ዙር ውጤት እዚያው ቀረ። «ሮማ» ስንት አንደኛ አገኘ? «ብላክ ፓንተር» ሲወድቅ ድምፁ ወዴት ሄደ? ይህ ቢወጣ ግማሹ ክርክራችን ዛሬ ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄዬን ላሻሽለው፦ ቆጠራው ይፋ ይውጣ ትላላችሁ?

የፒያሳ ልጅ
እና ስምንተኛ የወጣው ምን ይሁን? ሰውየው ለዓመታት ለፍቶ፣ ሱፍ ለብሶ መጥቶ፣ «መጨረሻ ነህ» ብለህ በቁጥር ልታሳየው ነው? እጩነቱ ራሱ ክብር ነው፣ ተወው። ፈረንሳይ፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይስ ዳኞቹ እንዴት እንደመረጡ ይናገራሉ?

ስክሪፕት ጸሐፊው
አይናገሩም። ግን ካን ላይ ዳኞቹ ጥቂት ናቸው፣ ስማቸው አስቀድሞ ይታወቃል፣ አንድ ክፍል ገብተው ፊት ለፊት ተጨቃጭቀው ነው የሚወጡት። ውጤቱ ካናደደኝ ሊቀመንበሩን በስም ጠርቼ ልተቸው እችላለሁ። ለ«ግሪን ቡክ» ማንን ልጥራ? እዚህ ላይ ከአወያዩ ጋር ነኝ፣ ይውጣ።

የፒያሳ ልጅ
ይውጣ ካላችሁ ይውጣ። «ግሪን ቡክ» ከመጀመሪያው ዙር መርቶ ከተገኘ ግን ክትፎውን የምትጋብዙኝ እናንተ ናችሁ።