ነፃ ሜሞሪ እያለ ተከታታይ ገጽ የሚያጣ ሰርቨር፦ የእርዳታ ጥያቄ

ብዙ ፋይል በሚያነብ የሊኑክስ ሰርቨሬ ላይ፣ ነፃ ሜሞሪው በቂ ሆኖ እየታየ፣ የኔትወርክ ድራይቨሩ 64 ኪሎባይት፣ ማለትም ባለ 4 ኪሎባይት 16 ተከታታይ ገጾች (የሜሞሪ ክፍልፋዮች) ሲጠይቅ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የ«ኦርደር 4»፣ ማለትም የ2⁴ = 16 ተከታታይ ገጾች ምደባ እንዳልተሳካ ይመዘግባል። ነፃ ገጾችን በኦርደራቸው ከፍሎ በሚያሳየው የከርነሉ ፋይል በባዲኢንፎ (/proc/buddyinfo) ላይ የኦርደር 0 እና 1 ገጾች ሞልተው ሳለ ከ3 በላይ ያሉት ዓምዶች ዜሮ ናቸው። የፋይል ካሹን (በሜሞሪ የተቀመጡትን የተነበቡ ፋይሎች ቅጂ) ሳስለቅቅ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ነገር ግን ጠቃሚ ካሽን በየጊዜው መጣል መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። የካሹ ገጾች በአብዛኛው ከቦታ ቦታ ሊዛወሩ ስለሚችሉ ኮምፓክሽን (ገጾችን አዛውሮ ተከታታይ ነፃ ቦታ የሚፈጥረው የከርነሉ ሥራ) ሊሰበስባቸው ይገባ ነበር፤ ስለዚህ የጠረጠርኩት በመካከላቸው ተበታትነው የማይነቃነቁትን የአይኖድና የዴንትሪ ስላብ ገጾች (ከርነሉ የፋይሎችን መረጃና ስም የሚይዝባቸውን) ነው። ይህን ገጾችን በዓይነታቸው (የሚዛወሩና የማይዛወሩ) ለይቶ በሚያሳየው በፔጅታይፕኢንፎ (/proc/pagetypeinfo) እንዴት ማረጋገጥ እንደሚቻል፣ ከርነሉ ሁልጊዜ በመጠባበቂያነት የሚይዘውን የነፃ ሜሞሪ መጠን ከፍ ማድረግስ ይጠቅም እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።