ሰዉ በአንደበቱ ተናግሯል?

ሚዛን ያዥ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «አዋቂ ሰው የዕለት ምግቡን የሚመርጠው በጤና ነው፣ ዋጋ ከኋላ ነው፤ ጥናት ላይ ሰዉ በአንደበቱ ተናግሯል» ብሎ ለጥፎ ላይክ ሰብስቦ ሄደ። እኔ አልተዋጠልኝም። በአንደበቱማ ሁሉም ሰው ሰኞ ስፖርት ይጀምራል።

ቆጥሮ አዳሪ፦ «አንዱ» እኔ ነኝ፤ ስም አለኝ። ደግሞ ከኪሴ አላወጣሁትም። ተመራማሪዎቹ እነ ስቴፕቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት የምግብ ምርጫ መጠይቅ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። 36 ጥያቄ፣ 9 ምክንያት። ጤና፣ ስሜት፣ አመቺነት፣ ጣዕም፣ ዋጋ፣ ክብደት፣ ሌላም ሌላም። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ትሰጣለህ። የቡና ላይ ወሬ አይደለም።

የማታ ተረኛዋ፦ 9 ምክንያት ቆጥረው ረሃብን ረሱት? እኔ ከሥራ ስወጣ የምበላው ስለራበኝ ነው።

ቆጥሮ አዳሪ፦ እህቴ፣ ረሃብ ከፈለግሽ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የእነ ሬነር መጠይቅ አለልሽ። 15 ምክንያት ነው፤ ረሃብም በስሙ ተጠርቷል።

ሚዛን ያዥ፦ አየህ፣ ራስህ አመጣኸው! የ2012ቱ «የምበላውን የምበላው እንዲህ ስለሆነ ነው» ይላል። ያንተ የ1995ቱ ግን የሚጠይቅህ ምግቡ ጤናማ መሆኑ ለአንተ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ነው። «አስፈላጊ ነው» ማለትና «ለዚህ ብዬ በላሁ» ማለት አንድ ነው? ለእኔ በጊዜ መተኛት በጣም አስፈላጊ ነው። 4 ከ4። አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ዝምተኛው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት።

የሰፈር ኢኮኖሚስት፦ ቆይ፣ ዋጋ እኮ ከ36ቱ 3 ጥያቄ ብቻ ነው የደረሰው። ጤና 6። ጨዋታው ሳይጀመር አልቋል።

ቆጥሮ አዳሪ፦ የሚወሰደው አማካይ ነው ወንድሜ። የጤናው ለ6፣ የዋጋው ለ3 ይካፈላል። አራተኛ ክፍል የተማርነው ነው።

የሰፈር ኢኮኖሚስት፦ ስድብ ተጀመረ?

የማታ ተረኛዋ፦ በማካፈሉ ልክ ነው፣ ተወው። እኔ የማልለቀው ያቺን «በአንደበቱ» ነው። ሰው እኮ የበላውን እንኳ አሳንሶ ነው የሚያወራው። ተመራማሪዎች ከሰውነት ሲወጣ የሚለይ ምልክት ያለው ውሃ አጠጥተው ሰውነቱ ያቃጠለውን ጉልበት ሲለኩት፣ ብዙው ሰው ያቃጠለው በላሁ ብሎ ከጻፈው በልጦ ተገኝቷል። ምን እንደበላ የደበቀ፣ ለምን እንደበላ ሊነግርህ? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንጂ መጠይቅ አያወጣውም።

ቆጥሮ አዳሪ፦ እሺ ምን ይደረግ? ደረሰኝ እንቁጠር? ደረሰኝ ምን እንደገዛሽ ይነግረኛል። ርካሹን ያነሳሽው ገንዘብ አጥሮሽ ይሁን ጣዕሙን ወደሽው፣ እሱን በምን ልወቅ? ዞሮ ዞሮ መጠየቄ አይቀርም።

ሚዛን ያዥ፦ ጠይቅ፣ ማን ከለከለህ። ግን «አስፈላጊ ነው ብሏል» ብለህ ጻፍ። «የሚመርጠው በጤና ነው» አትበል።

ቆጥሮ አዳሪ፦ መቼ አልኩ? «ተናግሯል» ነው ያልኩት።

ዝምተኛው፦ የትናንቱን ጽሑፍ ኤዲት አድርገኸዋል እንዴ?

ቆጥሮ አዳሪ፦ አንድ ፊደል ነው ያረምኩት።

የሰፈር ኢኮኖሚስት፦ እውነቱን ነው፣ ስክሪንሾቱ አለኝ። «በጤና ነው» የነበረው «በጤናም ነው» ሆኗል። አንድ ፊደል።